«ጮቄ» ወይስ «በላያ»፦ የባንድ ስም ድምፅ ተወዳጅነትን ይወስናልን?

ከደብረ ማርቆስ የተላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አምስት ጓደኛሞች ነን። የጎጃምን የሠርግ ዘፈንና እንጉርጉሮ ከጊታርና ከኪቦርድ ጋር አዋሕደን የምንጫወት ባንድ ልንመሠርት ነው፤ ስሙ ላይ ግን መስማማት አቃተን። ሁለታችን ‹ጮቄ›፣ ሁለታችን ‹በላያ› እንላለን። አምስተኛው ጓደኛችን ደግሞ የስም ድምፅ ራሱ ሰውን ይስባል ወይም ያርቃል፣ ዝነኛ ባንዶች ሁሉ ጆሮ የሚይዝ ስም ያላቸውም በዚህ ምክንያት ነው ይላል። እውነት ነው?»

ጓደኛችሁ ከተናገረው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። የስም ድምፅ በሰሚው ላይ በእርግጥ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በዋናነት ዜማችሁ ገና ሳይሰማ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ሰሚው ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚጠብቅ በመቅረጽ፣ ስሙም በአእምሮው እንዲቀር ወይም እንዲጠፋ በማድረግ ነው። ተወዳጅነትን ራሱን ይወልዳል የሚለውን ግን የምናውቀው ነገር አይደግፍም። ሥነ ድምፅ ሳስተምር ብዙ ጊዜ የኖርኩ ሰው እንደ መሆኔ ጥያቄው ልቤን ነክቶታል፤ ስለዚህ ከመጠን በላይ ብዘረዝርም ታገሡኝ።

ሳታስቡት ያቀረባችኋቸው ሁለት ስሞች ለእንዲህ ያለው ምርመራ እጅግ የተመቹ ናቸው። ሁለቱም የተራራ ስሞች ናቸው። አንዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና የብዙ ወንዞች መነሻ የሆነው ጮቄ ነው፤ ሌላው በምዕራብ በኩል ያለውና በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ሲመለሱ ያረፉበት በላያ ነው። ፍቺያቸው ከተቀራረበ፣ በመካከላቸው ያለው ትልቁ ልዩነት ድምፃቸው ነው ማለት ነው።

እስቲ ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና ሁለቱንም በየተራ ቀስ ብላችሁ በሉ። «በላያ» ስትሉ ከንፈር ተገጥሞ ይከፈታል፣ ምላስ ለ«ላ» ብቻ ጫፉን ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ «ያ» ደግሞ አናባቢ ለመሆን ጥቂት የቀረው ድምፅ ነው። በጣታችሁ የሚሰማችሁ ንዝረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቋረጥም። «ጮቄ» ስትሉ ግን ጉሮሮ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ አየሩ በተዘጋው ጉሮሮና በምላስ መካከል ይታፈናል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከዚያም ይፈነዳል። ይህ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ በ«ጮ» ቀጥሎ በ«ቄ» ይደገማል። ማንቁርታችሁ ሁለት ጊዜ ሲዘል በጣታችሁ ታገኙታላችሁ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ በዚህ መንገድ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። የአፍ መፍቻችን ስለሆኑ ልብ አንላቸውም፤ አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ግን እነርሱን ለማውጣት ወራት ይፈጅበታል።

ይህ የአፍ ሥራ በሰሚው አእምሮ ውስጥ ቅርጽ እንደሚያስነሣ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ቮልፍጋንግ ኮለር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ሥዕሎችን፣ አንድ ማዕዘነ ብዙና ሹል፣ አንድ ክብና ጥምዝምዝ፣ ከሁለት ትርጉም የለሽ ቃላት ጋር አቀረበ፦ «ታኬቴ» እና «ባሉማ»፤ በኋለኛው እትም ደግሞ «ማሉማ»። ሰዎች ሹሉን «ታኬቴ»፣ ክቡን «ማሉማ» ማለት ይቀናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ራማቻንድራንና ሀበርድ «ኪኪ» እና «ቡባ» በሚሉ ቃላት ነገሩን እንደገና አነሡትና ዛሬ በዚሁ ስም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ በ25 ቋንቋዎች የሚናገሩ 917 ሰዎችን ጠይቆ ከመቶው 72 ያህሉ ምላሽ በዚሁ መንገድ የሄደ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ መሠረት «ጮቄ» ወደ ሹሉ፣ «በላያ» ወደ ክቡ ወገን እንደሚያደሉ መገመት ስሕተት አይሆንም።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ከላቲን ፊደላት መልክ የመጣ ነው፣ የእነርሱ «በ» ክብ፣ የእነርሱ «ከ» ሹል ስለሆነ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። ለእኛ ይህን መመርመር ቀላል ነው። በግእዝ ፊደል «በ» ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች ያሉት ባለ ማዕዘን ፊደል ነው፤ «ቀ» ግን ክብ ሆድ አለው። ድምፁና መልኩ ይቃረናሉ። ደግሞም በሰሜን ናሚቢያ በሚኖሩ፣ ከጽሕፈት ርቀው ባደጉ የሂምባ ሰዎች ዘንድ ያው ዝምድና ተገኝቷል። በፓፑዋ ኒው ጊኒና በኔፓል በተደረጉ ሌሎች ሙከራዎች ግን አልተገኘም። ለኔፓሉ ጉዳይ ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ለእናንተ ይጠቅማል፦ የቀረቡት ቃላት ለሰሚው ቋንቋ የድምፅ ሥርዓት ባዕድ ሲሆኑ ዝምድናው ይጠፋል። ለጎጃም ሰሚ ባዕድ የሆነ ስም ብታወጡ፣ ድምፁ በትውልድ አገሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ እዚህ ላይሠራ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለማመን የፈረንጅ ሥዕል አያስፈልገውም። ከሚያፈስ ጣሪያ የውሃ ነጠብጣብ «ጠብ» ይላል፤ ድንጋይ ሲወድቅ «ዱብ» ይላል። ቦታቸውን ብንለዋውጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያርመናል። የኩራዝ ብርሃን «ጭል ጭል» ይላል፤ ደመራ ሲለኮስ «ቦግ» ይላል። በጣም ትንሽ የሆነውን ነገር «ጢኒጥ» እንላለን፤ አፋችንም ቃሉን ስንለው ይጠብባል። «ድቡልቡል»፣ «ሙልሙል»፣ «ድንቡሽቡሽ» ክብ ነገሮችን ሲጠሩ፣ «ጦር»፣ «ጥፍር»፣ «ጥርስ»፣ «ጫፍ» ሹል ነገሮችን ይጠራሉ። ይህን ዝርዝር ግን እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም፤ «ቅል» ክብ ሆኖ በ«ቅ» ይጀምራል፣ «ሹል» የሚለው ቃል ራሱ ምንም የሚፈነዳ ድምፅ የለውም። ዝምድናው ዝንባሌ ነው፤ ቋንቋ ሲመቸው ይከተለዋል፣ ሳይመቸው ይተወዋል።

የዝንባሌው ምንጭ በከፊል ከተፈጥሮ ነው። አጭር ዋሽንት ቀጭን ድምፅ፣ ረጅም ዋሽንት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ቋንቋችን ድምፅን «ቀጭን» እና «ወፍራም» ብሎ በአካል መጠን መጥራቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ትንሽ እንስሳ በቀጭኑ፣ ትልቅ እንስሳ በወፍራሙ ይጮኻል፤ ጆን ኦሃላ የተባሉ የሥነ ድምፅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህ ልማድ ወደ ሰው ቋንቋም እንደ ገባ በሰፊው አስረድተዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ስለ ቅርጽና ስለ መጠን ነው። ሰሚ «ጮቄ» ሲባል ፈጣንና ቆርቋሪ ምት፣ «በላያ» ሲባል ለስለስ ያለ ዜማ ሊጠብቅ ይችላል። ይህ ከመወደድ ጋር አንድ አይደለም፤ አምስተኛው ጓደኛችሁ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ዝነኞቹ ሁሉ ጆሮ የሚይዝ ስም አላቸው» ሲል የቆጠረው ዝነኞቹን ብቻ ነው። ጆሮ የሚይዝ ስም ይዘው ሁለት ሠርግ ተጫውተው የተበተኑትን ማንም አልቆጠረም፤ ስማቸው ስላልደረሰን። ከዚህም በላይ አንድን ስም ሺህ ጊዜ ከምንወደው ዜማ ጋር ከሰማነው በኋላ ድምፁ ያማረ ይመስለናል። ጣዕሙ የመጣው ግን ከዜማው ነው።

ለዚህ ከራሳችን አገር የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ታላላቅ የሆቴል ባንዶች ነበሩ፤ ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል። ዋልያ የእኛው የሰሜን ተራራ እንስሳ ነው፤ አይቤክስ ደግሞ ፈረንጆች ለዚሁ የዱር ፍየል ወገን የሚሰጡት ስም ነው። አንድ እንስሳ፣ ሁለት ስም። «ዋልያስ» ከሞላ ጎደል በለስላሳ ድምፆች የተሠራ ነው፤ «አይቤክስ» በመጨረሻው ላይ የ«ክ» እና የ«ስ» መጋጨት አለበት፣ ለአማርኛ ምላስም አይመችም። ስም ቢወስን ኖሮ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ባየን ነበር፤ ሁለቱም ግን በዘመናቸው የተከበሩ ነበሩ፣ ሥራቸውም ዛሬ ድረስ ይሰማል። ነገሩ በዚህ አላበቃም። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሆነ፤ ጆቫኒ ሪኮንና ሰላም ስዩምን የመሳሰሉ ተጫዋቾች ቀጠሉ፣ በርካታ የዘመኑ ካሴቶችም በእነርሱ አጃቢነት ተሠሩ። ስሙ ከባዕድ ወደ አገርኛ፣ ከሸካራ ወደ ለስላሳ ተለወጠ፤ አድማጩ የተከተለው ግን የተጫዋቾቹን እጆች ነው።

ስለ ድምፃውያንም ብታስቡ ያው ነው። ጥላሁን ገሠሠ በሚፈነዳ «ጥ» ይጀምራል፤ የጎጃሙ ሙሉቀን መለሰ ሁለቱንም ስሞች በ«ም» እና በ«ል» ይከፍታል። ሕዝቡ ሁለቱንም ከልቡ ወደዳቸው።

በእርግጥ ከሮሃ፣ ከዋልያስ፣ ከዳህላክ፣ ከዳሎል፣ ከላስታ፣ ከጃኖ፣ ከእኛም ግሽ አባይ ኪነት ስም ውስጥ አንዱም የሚፈነዳ ድምፅ እንደሌለው ስመለከት ቆም ብዬ አስቤያለሁ። ሆኖም ይህ በጣት የሚቆጠር ዝርዝር ነው። እነዚህ ድምፆች በቋንቋችን ከሌሎቹ ያነሱ ስለሆኑ በጥቂት ስሞች ውስጥ ባይገኙ አይደንቅም። ስሞቹም የተመረጡት በአብዛኛው ለታሪካቸውና ለቦታቸው ክብር ነው።

ጉዳዩን በሙከራ ለማየት ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ ያሳተሙት ሥራ አለ። 14,341 ሰዎች በኢንተርኔት ላይ 48 የማይታወቁ ባንዶችን ዘፈኖች እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲወስዱ ተጋበዙ፤ ከመስማታቸው በፊት የሚያዩት የባንዱን ስምና የዘፈኑን ርእስ ነበር። አንዳንዶቹ ያለ ሌላ መረጃ መረጡ። ሌሎቹ ግን በስምንት የተለያዩ «ዓለማት» ተከፍለው በዚያው ዓለም ያሉ ሰዎች የትኛውን ስንት ጊዜ እንደ ወሰዱ ያዩ ነበር። በስምንቱም ዓለማት ስሞቹ ያው ናቸው፣ ዘፈኖቹም ያው ናቸው። ውጤቱ ግን ተለያየ፤ በአንዱ ዓለም ከፊት የተሰለፈው ዘፈን በሌላው መካከል ላይ ወይም ከኋላ ተገኘ። እጅግ ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፣ እጅግ ደካሞቹ እምብዛም አልነገሡም፤ በመካከል ላሉት ሁሉ ግን ዕጣቸው መጀመሪያ የመጡት ሰዎች በሳቡት መንገድ ሄደ። የስም ድምፅ ብርቱ ኃይል ቢሆን ኖሮ በስምንቱም ዓለማት አንድ ዓይነት ስም ወደ ላይ ሲወጣ ባየን ነበር።

ድምፅ በመጀመሪያው ቅጽበት ያለውን አቅም ግን አላቃልልም። አልተርና ኦፐንሃይመር በዚያው ዓመት እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ስማቸው ለአፍ የሚቀል ኩባንያዎች ገበያ በገቡባቸው የመጀመሪያ ቀናት የተሻለ ዋጋ ነበራቸው፤ ጊዜው ሲረዝም ብልጫው ሳሳ። ሮበርት ዛዮንትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ሰዎች ትርጉም የለሽ ቃልን ደጋግመው ባዩት ቁጥር መልካም ፍቺ ይሰጡት እንደ ነበር አሳይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው ለእናንተ የሚተርፈው ትምህርት ይመስለኛል፦ ለአፍ የሚቀል ስም ይደጋገማል፣ የሚደጋገም ስም ይለመዳል፣ የሚለመድ ስም ይወደዳል። ሌድ ዜፐሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ስሙን ሲያወጣ ከመጀመሪያው ቃል አንድ ፊደል የቀነሰው ሰው «ሊድ» ብሎ በስሕተት እንዳያነበው ነው። ያሳሰባቸው የድምፁ ውበት ሳይሆን አንድ ዓይነት መነበቡ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞጣ በአንድ ዘመዴ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የመድረኩ አስተዋዋቂ አራት ቃላት ያሉት፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ የባንድ ስም ጠራ። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ እልልታው ይጮኻል። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «ማን ናቸው ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለተኛ ሲጠራም ጠየቁኝ፤ ሦስተኛ ሲጠራ ተዉት። ልጆቹ ግን እጅግ አሳምረው ተጫወቱ፣ አዛውንቱም ትከሻቸውን አልቻሉትም። በማግስቱ በመልስ ላይ ልጅ የሚድር ጎረቤት ቀርቦ «ትናንት የተጫወቱት እነማን ናቸው?» ቢላቸው፣ «እነዚያ የማርቆስ ልጆች» አሉት። ሰውየው በዚህ ስም ማንን ሊያገኝ ይችላል? ያን ዕለት ያዘንኩት ለልጆቹ ነው፤ የድካማቸውን ፍሬ ስማቸው አባከነባቸው።

ስለዚህ «የትኛው ድምፅ ይስባል» ከማለት ይልቅ ስማችሁ በምን በምን እንደሚያልፍ አስቡ። በድምፅ ማጉያ ያልፋል፤ በስልክ ያልፋል፤ በላቲን ፊደል ያልፋል።

በጩኸት መካከል ሁለቱም ስሞች ደህና ናቸው። ሁለቱም አጭር ናቸው፣ ሁለቱም በአናባቢ ያልቃሉ። «በላያ» ግን አንድ ብልጫ አለው፤ መጨረሻው «ኣ» ነው፣ «ኣ» ደግሞ አፍ በሰፊው የሚከፈትበትና ከአናባቢዎች ሁሉ ጎላ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ነው። ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው የሚጣራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሕዝብ በአንድ ድምፅ «በላያ!» እያለ ቢጣራ ይረዝምለታል። «ጮቄ» ለጥሪ ቢያጥርም በመነሻው ፍንዳታ ሌላውን ወሬ ይቆርጣል። በስልክም ቢሆን ችግር አይታየኝም። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ በስልክ የሚምታቱት በተለይ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ናቸው፣ ከእናንተ ስሞች ውስጥ ግን እነዚህ የሉም።

ዘመድ ቃላትን ደግሞ አትርሱ። በአማርኛ የቃል መሠረቱ ተነባቢ ስለሆነ፣ አንድ አዲስ ስም ስንሰማ ጆሯችን በተነባቢው የሚመስለውን ቃል ያስታውሰናል። ከ«ጮቄ» አጠገብ «ጭቃ» አለ፤ ተራራውን ለምናውቅ ለእኛ ችግር የለውም፣ ከሩቅ ለሚሰማ ግን ሊመጣበት ይችላል። ከ«በላያ» አጠገብ «በላይ» አለ፤ ከፍታን ያስባል፣ ለጎጃም ሰው ደግሞ በላይ ዘለቀን ያስታውሳል። በአንድ አጻጻፍ ላልቶም ጠብቆም ሊነበብ የሚችል ስምም አደገኛ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ፖስተር ያነበበና በጆሮው የሰማ ሰው ሁለት ስም ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

የሚያሳስበኝ የላቲኑ ነው። ዛሬ ዘፈን የሚፈለገው በብዛት በላቲን ፊደል ነው፣ በዚያ ፊደል ደግሞ ጠ ከተ፣ ጨ ከቸ አይለይም፤ ለቀም አንዱ ይህን ሌላው ያን ፊደል ይመርጣል። «ጮቄ»ን አምስት ሰው በአምስት መንገድ ይጽፈዋል፤ በጣም የተለመደው አጻጻፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ማነቅ» ከሚለው ቃል ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ስማችሁን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እናንተን አይደለም። «በላያ» ግን በላቲንም ሲጻፍ ብዙ አያወላዳም።

በእነዚህ ምክንያቶች እኔ ብሆን «በላያ»ን እመርጣለሁ። ሥራችሁ ፈጣን የሠርግ ምት ብቻ ቢሆንና አድማጫችሁም ከጎጃም የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ግን «ጮቄ» ከነፍንዳታው ይሻል ነበር እላለሁ፤ እንጉርጉሮን ስለምትጫወቱና ዘፈናችሁን በኢንተርኔት እንደምታወጡት ስለምገምት ነው ወደ «በላያ» ያደላሁት።

ግምቴን ከመቀበላችሁ በፊት ግን ፈትኑት። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባም ሁለት ሁለት ሰው ምረጡ፤ ሽማግሌዎችም ይኑሩባቸው። ስልክ ደውላችሁ፣ የገበያ ወይም የመንገድ ጫጫታ ካለበት ቦታ ሆናችሁ፣ ለግማሾቹ አንዱን ለግማሾቹ ሌላውን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ምን እንደሆነም አታብራሩ። በሦስተኛው ቀን ስሙን በአማርኛም በላቲንም ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ማን ምን እንዳስታወሰና እንዴት እንደ ጻፈ አምስታችሁም ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ሳይዛነፍ የተመለሰላችሁን ስም ያዙ።